በእንጦጦ ሥር የአውታር ትምህርት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ተዘርግቶ ከጉለሌ ራስጌ እስከ የካና እስከ ኮተቤ ዳገቶች የሚደርሰው የእንጦጦ ተራራ፥ በባሕር ዛፉና በብርዱ፥ በማርያምና በራጉኤል አብያተ ክርስቲያናቱ፥ በኪዳነ ምሕረት ጠበሉ፥ እንዲሁም በየካ በኩል ከአለት ተፈልፍሎ በተሠራው በጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል ስሙ የተጠራ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ተራራ ታሪክ ሲጻፍ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይዘነጋል፥ ይኸውም በዚህ ዳገት ላይ የአውታር መሣሪያ ትምህርት እንዴት እንደ ቆየ፥ እንዴት ሊጠፋ እንደ ደረሰና በማን እጅ እንደ ተረፈ ነው። ዛሬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ ተነሥቶ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ወደ መገናኛ የሚወርደው ወጣት፥ ለመማር ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ዐይነት ጊታር ልግዛ፥ ዋጋውስ ስንት ነው ብሎ ነው። በዚሁ ተራራ ላይ ከእርሱ በፊት የነበረ ጀማሪ ግን ከመሣሪያው አስቀድሞ መምህሩን ይፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም መሣሪያው ከሱቅ የሚገኝ አልነበረም፥ ቢገኝም ያለ መምህር ድምፅ አይሰጥም ነበር። ይህን ልዩነት ማወቅ ለጊታር ተማሪም ሆነ ለበገና ተማሪ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማውጣት ተገቢ ነው።

ንጉሥ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ ባደረጉበት ዘመን፥ ድንኳኑና እልፍኙ በተራራው አናት ላይ ተሰብስቦ ሳለ፥ በቤተ መንግሥት አጠገብ የሚሰማው ዜማ በየደረጃው የተለየ ነበር። ነጋሪቱና መለከቱ ለአዋጅና ለክብር፥ መሰንቆው ለአዝማሪ፥ ክራሩ ለጫዋታና ለፍቅር፥ ከበሮና ጸናጽሉ ለማኅሌት ሲሆኑ፥ በገና ግን የመሳፍንቱና የመኳንንቱ፥ የሊቃውንቱና የአረጋውያኑ መሣሪያ ሆኖ በእልፍኝ ውስጥ ይኖር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብጡል፥ ቅኔና ሰንጠረዥ ዐዋቂ እንደ ነበሩ ሁሉ በገናም ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል፤ ለዐፄ ቴዎድሮስም ለዐፄ ምኒልክም እንዲሁ ይነገራል። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፥ ከተማይቱ ቀድሞውኑ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ፍልውሃ ሜዳ መውረድ ጀምራ ነበር፤ ውሃውና ሙቀቱ ሰውን ወደ ታች ሳበው፥ ማገዶም በተራራው ላይ አልቆ ነበር። መኳንንቱ ሲወርዱ ግን ካህናቱና ደብሮቹ በተራራው ላይ ቀሩ፤ የበገናም ነገር ከእነርሱ ጋር በዚያው አካባቢ ቀረ።

አንድ ጨዋ ሰው በዚያ ዘመን ልጁን አውታር ሊያስተምር ቢፈልግ ምርጫው በእጅጉ የጠበበ ነበር። መሰንቆ የአዝማሪ እንጀራ ስለ ሆነ የባላባት ልጅ እጁን አያነሣበትም፤ ክራርም ከጠጅ ቤትና ከዘፈን ጋር ስለ ተያያዘ በሃይማኖት አጥባቂ ቤት ደስ ብሎ የሚገባ አልነበረም፥ እንዲያውም ክራርን የሰይጣን፥ በገናን የእግዚአብሔር አድርጎ የመለየት ልማድ ነበረ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ ክራርን በዚህ ስም መጥራት የካሳ ተሰማን ጣቶች፥ የሜሪ አርምዴንና የአስናቀች ወርቁን ድምፅ አለመስማት ነው። ሆኖም ፍርዱ ልክ ሆነም አልሆነም፥ በታሪክ ያደረገው ነገር ነበር፤ በገናን ከአደባባይ አርቆ፥ በአንድ በኩል ክብሩን ጠበቀለት፥ በሌላ በኩል ግን የተማሪዎቹን ቍጥር እጅግ ጥቂት አደረገው። ለእንጀራ የማይደረደር መሣሪያ፥ እንጀራ ፈላጊ ደቀ መዝሙር አይኖረውም፤ መምህሩም የሚያስተምረው ደጁን የሚጠናውን አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይሆናል።

መሣሪያው ራሱ ለጀማሪ የሚራራ አይደለም። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ከሥር አራት ማዕዘን ያለው፥ በበሬ ወይም በላም ቆዳ የተሸፈነ ገበቴ አለው፤ ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ቆመው በላይ ቀንበር ይሸከማሉ፤ በቀንበሩ ላይ በመቃኛ እየተጠመዘዙ የሚወጠሩት አውታሮች 10 ሲሆኑ፥ በትውፊቱ መሠረት ከበግ አንጀት ታጥበው፥ ተገምደው፥ ደርቀው የሚሠሩ ናቸው። ሊቃውንቱ ይህን ሁሉ በምሥጢር ይተረጕሙታል፤ ዐሥሩን አውታር በዐሥርቱ ትእዛዛት፥ ገበቴውን በእመቤታችን፥ ሁለቱን ምሰሶዎች በሚካኤልና በገብርኤል ይመስሉታል፤ ነገዱንም ከንጉሥ ዳዊት ያወርዱታል፥ በብራና መጻሕፍት ላይም ዳዊት በገናውን ይዞ ይሣላል። ነገር ግን ጀማሪው ከምሥጢሩ አስቀድሞ የሚገጥመው አንድ ትንሽ ቆዳ ነው። በየአውታሩና በርኩማ በሚባለው ድልድይ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ይህም ቁራጭ በጥንቃቄ እየተገፋና እየተሳበ፥ አውታሩ በርኩማውን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ብቻ፥ ያ የበገና መለያ የሆነው፥ ከደረት ውስጥ የሚወጣ የሚመስለው ነዛሪ ድምፅ ይወለዳል። እንዚራው ከልኩ ጥቂት ቢርቅ አውታሩ እንደ ክራር ጠርቶ ይጮኻል፤ ጥቂት ቢቀርብ ደግሞ ታፍኖ ይሞታል። ይህ ለዐሥሩም አውታር በየተራ የሚደረግ ስለ ሆነ፥ የመጀመሪያው የትምህርት ወራት አብዛኛው በመደርደር ሳይሆን በማስተካከልና በመስማት ያልፋል። ጆሮ ያልሠለጠነለት ሰው ይህን ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ ስለዚህም ነው በበገና መምህሩን መምረጥ መሣሪያውን ከመምረጥ የሚቀድመው።

ከዚህ በኋላ የጣት ሥርዐት ይመጣል። ተማሪው ተቀምጦ በገናውን በግራው በኩል ያቆምና በግራ እጁ ጣቶች ይደረድራል፤ በጣት ሲደረደር የሚነኩት አውታሮች አምስት ወይም ስድስት ብቻ ሲሆኑ፥ የቀሩት፥ ጣት ነክቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው፤ ድኅንጻ በሚባለው መግረፊያ ሲመታ ግን ዐሥሩም ይናገራሉ። ቅኝቱ ትዝታ ወይም አንቺ ሆዬ ይሆናል። ድርደራው አንድ ሐረግ እየተመላለሰ የሚሄድ ሲሆን፥ በላዩ ድምፁ፥ ለራሱ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው ዝግ ብሎ፥ የዓለምን ከንቱነት፥ የሞትን አይቀሬነት፥ የእመቤታችንን ምልጃ እያሰበ ይነጉዳል። በገና በቅዳሴና በማኅሌት የሚገባ አይደለም፤ ቦታው ቤት፥ ጊዜውም ይልቁን ከበሮና ጸናጽል ዝም የሚሉበት ዐቢይ ጾም ነው። ተማሪው እንግዲህ ጣቱን ብቻ ሳይሆን ጾሙንና ግጥሙን፥ ሰሙንና ወርቁንም አብሮ መማር ነበረበት።

በዚህ ጊዜ ከተራራው በታች ሌላ የዜማ ታሪክ ይጻፍ ጀመር። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ የነሐስ መሣሪያዎች ላኩ፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ልጆች አምጥተው በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ጓድ አቋቋሙ፥ እነርሱም ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ላይ መዝሙር አሰሙ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፥ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ፥ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ጊታር በዚህ በር ገባ፤ በመጀመሪያ ከነሐሱ በስተኋላ እንደ አጃቢ ቆመ፥ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ኀይል ሲጨመርለት ወደ ፊት ወጣ። በአሥመራ ቃኘው ሰፈር ከነበሩት አሜሪካውያን የወረደው የሮክና የሶል ዜማ ለብዙ ወጣቶች ጣት ትምህርት ቤት ሆነ፤ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የታወቀው ጊታረኛ ሰላም ሥዩም ከአሥመራ የወጣ ሲሆን፥ ራሱም የታሪክ ተማሪ ሆኖ የዘመናዊ ሙዚቃችንን አመጣጥ በጥናት የጻፈ ሰው ነው። በአየለ ማሞ እጅ ያለችው ማንዶሊንም በዚሁ ዘመን መጥታ ኢትዮጵያዊ ቅኝት የተማረች የጊታር እኅት ናት።

የጊታር ጀማሪ ከበገናው ጀማሪ የሚለየው በመሣሪያው ዋጋና ውበት አይደለም። በጊታር አንገት ላይ የተተከሉት የብረት ዘንጎች እያንዳንዱን ድምፅ በቦታው ወስነው ያስቀምጡታል፤ ጣት በትክክለኛው ቦታ ከተጫነ ድምፁ ያለ ብዙ የጆሮ ድካም ይወጣል፥ ስለዚህም ተማሪው ከመጽሐፍ፥ ከካሴት፥ ከጓደኛ እያየ ብቻውን መጀመር ይችላል። የከተማችን ጊታረኞች ብዙዎቹ ከእንዲህ ያለ ትምህርት የወጡ ናቸው፥ ይህም ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የዘንጎቹ ውለታ ጉዳትም አለው፤ አንቺ ሆዬን በመሰንቆ ወይም በድምፅ የሰማ ሰው፥ ድምፆቹ በዘንጎቹ መካከል ለመቀመጥ እንደሚፈልጉ ያውቃል፥ ስለዚህም ጥሩ ጊታረኛ ክሩን በጣቱ እየገፋ ያንን ቦታ ይፈልገዋል። ይህን የሚያደርገው ከጊታር በፊት ክራር የያዘ ሰው ነው። በክራር ላይ ግርፍ በሚባለው ስልት ቀኝ እጅ አውታሮቹን ሁሉ ሲገርፍ፥ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን እየያዙ ዝም ያሰኟቸዋል፤ ድርድር በሚባለው ደግሞ ጣቶቹ እያንዳንዱን አውታር በየተራ ያናግራሉ። ሁለቱንም የለመደ እጅ ወደ ጊታር ሲሻገር ባዶ አይደለም።

በእንጦጦ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የአንድ ቤት ነገር በርትቶ ይታየኛል። ዓለሙ አጋ በ1942 ዓ.ም. በእንጦጦ ተወለደ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፥ ማለት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በሬዲዮ በሚሰማበትና ወጣቱ ሁሉ ወደ ጊታርና ወደ ሳክስፎን በሚያይበት ዘመን፥ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ ታላቅ የበገና መምህር የቤታቸው ጎረቤት ሆነው መጡ። ልጁ መሣሪያ አልመረጠም፤ መሣሪያው ከአጥር ማዶ መጣለት። እኔ በዚህ ነገር ላይ ባሰብኩ ቍጥር የሚያስደንቀኝ፥ የብዙ ዘመን ትውፊት በዚያ ትውልድ ውስጥ ወደ አንድ ልጅ የተላለፈው በቤተ መንግሥት ትእዛዝ ወይም በገዳም ሥርዐት ሳይሆን በጉርብትና መሆኑ ነው። አለቃ ተሰማ ሌላ ሰፈር ተከራይተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሰማው በገና ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ልጁም ለዚህ ዕድል የሚመጥን ትጋት ነበረው፤ በ1964 ዓ.ም. የዜማ ተመራማሪዋ ሲንትያ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ ስብስብ ድምፁን በቀረጸችበት ጊዜ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን ከጉርብትና ወደ ተቋም የተደረገ ሽግግር ነው። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነው ያደራጁት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፥ ከፒያኖውና ከቫዮሊኑ ጎን የሀገር መሣሪያዎችን በክፍል ውስጥ ያስቀመጠ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዓለሙ አጋም በዚያ ለ7 ዓመት ያህል በገናን አስተማረ። ይህ በበገና ታሪክ ታላቅ ለውጥ ነበር፤ ደጅ ጠንቶ መምህር ለሚፈልገው ተማሪ ብቻ ሳይሆን፥ ተመዝግቦ፥ ከክራርና ከፒያኖ ጋር አነጻጽሮ ለሚመርጠው ተማሪም በገና የሚመረጥ ነገር ሆነ። አንድ የእንጦጦ ልጅና አንድ የሩቅ ክፍለ ሀገር ልጅ ከአንድ መምህር ፊት በእኩል ተቀመጡ።

ነገር ግን መንግሥት ተለውጦ ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፥ ሃይማኖታዊ የሆነ ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር፤ በገናም ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሞት የሚናገር፥ የመሳፍንት እልፍኝ ሽታ ያለበት መሣሪያ ስለ ነበረ ከሬዲዮ ተገፋ፥ በ1972 ዓ.ም. ገደማም የትምህርት ቤቱ የበገና ትምህርት ተቋረጠ። ጊታር በዚያ ዘመን አልሞተም፤ ሰዓት እላፊው የሌሊት ጫዋታን ቢገታም፥ ባንዶቹ በሆቴሎች፥ ዜማውም በካሴት ቆየ። በገና ግን ካሴትና መድረክ የሚያቆዩት ነገር አልነበረም፤ ተማሪ የሚተካው መሣሪያ ነበርና፥ ተማሪ ሲቋረጥ ሐረጉ ይቋረጣል። በነዚያ ዓመታት አንድ ጎልማሳ አረጋዊ መምህሩን ሲያጣ፥ ያንን የእንዚራ ልክ የሚያውቅ ጆሮ ከነጭራሹ ከዓለም ይወጣል ማለት ነበር። ለአንድ አገር የዜማ ትውፊት ከዚህ የሚበልጥ ጉዳት አላውቅም፤ የተቃጠለ መጽሐፍ ቅጂው ሊገኝ ይችላል፥ ያልተማረ እጅ ግን ቅጂ የለውም።

ይሁንና አልጠፋም። ዓለሙ አጋ፥ በኋላ መጋቤ ስብሐት የተባለው፥ በቤቱ ድርደራውን አልተወም፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ድምፁ በአውሮፓ በኢትዮፒክስ የሙዚቃ ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ሆኖ ታተመ፥ በመድረክም ከሀገር ውጪ ተሰማ። በሀገር ውስጥ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የመንፈሳውያን ማኅበራት ወጣቶች በገናን በብዛት ይማሩ ጀመር፤ ዐቢይ ጾም ሲገባም ድርደራው ከሬዲዮና ከየታክሲው ይሰማል። የቀድሞው ጨዋ ቤት ሴት ልጅን እምብዛም የማያስተምረውን መሣሪያ ዛሬ ሴቶች ተማሪዎች በብዛት ይዘውት ይታያሉ፤ ይህም በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚነገረውን ነገር ወደ ተራው ሰው ቤት ያወረደ ስለ ሆነ ከልብ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከተራራው አናት ጀምሮ በየካ በኩል ያለው ጫካ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመናፈሻ ቦታ ሆኗል፤ በቅዳሜና በእሑድ በዚያ ጊታር ይዘው የሚሰበሰቡ ወጣቶች፥ ከሥራቸው ባለው ሰፈር ምን ዐይነት ትምህርት እንዳለፈ ቢያውቁ፥ እጃቸው ወደ ክራሩና ወደ በገናውም ለመዘርጋት እንደሚደፍር አልጠራጠርም።

ይህ ታሪክ ለዛሬው ጀማሪ የሚሰጠው ምክር አለ፥ እርሱንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ጊታር ለመጀመር የተነሣ ሰው፥ የናይለን ክር ያለውን ክላሲክ ጊታር ቢመርጥ ጣቱ ቶሎ አይቆስልም፤ የብረት ክሩ ድምፁ ቢያምርም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው ያሸሻል። ከመግዛቱ በፊት ክሮቹ ከአንገቱ ምን ያህል እንደ ራቁ ይመልከት፥ ከልክ በላይ ከራቁ መጫኑ ያደክማል፤ አንገቱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በዐይኑ ይለካ፥ የጠመመ አንገት ያለው ጊታር በምንም ቅኝት አይቃናም። በገና የሚሻ ግን ከገበያ ከመሄዱ በፊት መምህር ይያዝ፥ መምህሩም መሣሪያውን ይመርጥለት፤ ገበቴው ያልተሰነጠቀ፥ ቆዳው እኩል የተወጠረ፥ ምሰሶዎቹ ቀጥ ያሉ፥ መቃኛዎቹ ሲጠመዘዙ ያሉበትን የሚይዙ፥ እንዚራዎቹም ለሁሉም አውታር በልክ የተቆረጡ መሆናቸውን በጆሮው ያረጋግጥ። አንዳንድ ሠራተኞች ዛሬ በአንጀት ፋንታ ናይለን ይወጥራሉ፤ ለጀማሪ ናይለኑ በእርጥበት ቶሎ ስለማይላላ ይመቻል፥ ሆኖም የእንዚራው ነዛሪ ድምፅ በአንጀት ላይ የሚበልጥ መሆኑን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የሰማ ጆሮ ይመሰክራል።

የትምህርቱ ጊዜም መመረጥ አለበት። በእንጦጦና በየካ አናት ክረምቱ ከባድ ነው፤ ጭጋጉና ዝናሙ ቆዳውን ያላላዋል፥ የአንጀቱን አውታርም ይለጥጠዋል፥ በማለዳ የተቃኘ በገና ለቀትር አይደርስም። ጀማሪ ጆሮ ደግሞ የአየሩን ጥፋት ከራሱ ጥፋት መለየት አይችልምና በዚህ ወራት ተስፋ ይቈርጣል። ስለዚህ የምመክረው መስቀል ካለፈ፥ ሰማዩ ከጠራ በኋላ በጥቅምት መጀመር ነው፤ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ አራት ወር ያህል አለ፥ በየቀኑ ሳያቋርጥ የተቀመጠ ተማሪም በዚህ ጊዜ የዐሥሩን አውታር እንዚራ በራሱ ጆሮ ማስተካከልና አንድ ድርደራ በትዝታ ቅኝት ይዞ በላዩ ድምፁን ማውጣት ይደርስበታል። ሁለተኛውን ድርደራ በጾሙ ውስጥ ይቀጥላል።